ሐሙስ ለት የሞተችው እናት

«እሁድ ሰባት ሰዓት፣ ሸዋ በር መስጊዱ ጋ እንገናኝ። የቀረ ሰው ጉዱ ከእኔ ጋር ነው» አለ ሰማኸኝ፣ የስምንተኛ «ለ» ክፍል አለቃ፣ በጠመኔ የነጣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ወንዶች ስኳር፣ ሴቶች ዳቦ። ሙድ ልያዝ የሚል ካለ አሁኑኑ ይውጣ።»

ማንም አልወጣም፤ ማንም አልሳቀም። ይሄ እኮ የሒሳብ መምህሩ ሱሪ የተቀደደ ለት ሦስት ቀን ሙሉ የሳቀ ክፍል ነው። ዛሬ ግን ሠላሳ ስምንቱም ጭጭ ብለዋል። ጭጭ ያሉት ሦስተኛው ዴስክ ላይ አንገቷን ደፍታ ለተቀመጠችው ለጣይባ ሲሉ ነው። እናቷ ሞታባታለች፣ እነሱም ለቅሶ ሊደርሷት ነው።

ችግሩ፣ የጣይባ እናት አልሞተችም።

እናቷ ሙና ኮምቦልቻ አንድ ጋርመንት ፋብሪካ ውስጥ የሱሪ ኪስ ትሰፋለች። በወር አንድ እሁድ፣ ከተመቻት፣ ልጇን ለማየት ደሴ ትወጣለች። የዚህ ወር ተራዋ ደግሞ ይኸው የፊታችን እሁድ ነው። «ወላሂ እመጣለሁ» ነበር ያለችው ሰኞ ለት በስልክ። እንግዲህ ለቅሶ ደራሾቹና ሟቿ በአንድ ቀን፣ በአንድ በር ሊገቡ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ለክልል ፈተና ሲመዘገብ ወላጅ መጥቶ ይፈርም ተባለ። ጣይባን የሚያሳድጓት የእናቷ የአክስት ልጅ እትዬ ፋጡማ እፈርማለሁ ብለው ነበር፤ ሙና ግን በስልክ «የለም፣ እናት እያላት ምን ሲደረግ፣ ሐሙስ ለት ራሴ እመጣለሁ» አለች። ሐሙስ ለት ጣይባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር አንገቷ ይዞራል። ዘበኛው እንኳ አዝነው «ቁጭ በይ ልጄ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ሙና አልመጣችም።

ዓርብ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ መምህር ደምመላሽ ስም እየጠሩ ወላጅ ያልፈረመለትን ሲጠይቁ፣ ጣይባ ጋ ደረሱ። «አንቺስ፣ እናትሽ ትመጣለች ብለሽኝ አልነበር?» አሏት።

«ሞተች» አለች ጣይባ።

ቃሉ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ከአፏ ወጥቶ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ለፊት ቆመ እንጂ እሷ አላሰበችውም። መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «መቼ?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ትናንት» አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ጣይባም አላሸችውም። ለመቅበር ወረባቦ እንሄዳለን ብላ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከቤት እየወጣች መናፈሻ ዛፍ ሥር ስትቀመጥ ዋለች። ስትመለስ ክፍሉ ሁሉ ተነሥቶ አቀፋት። ለቅሶ እንምጣ ሲሏት የቤቱ ሰው ሁሉ ገና ገጠር ነው ብላ አንድ ሳምንት አራዘመች። አሁን ሰበቡም አለቀ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚባለው ለሌላ ሰው ይሆናል። የጣይባ ውሸት በየቀኑ እየከበደ ነው የሄደው።

ለምን እንዲህ አለች ብሎ የሚፈርድባት ካለ፣ ይቺን ይስማ። ጣይባ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ያደገችው አራት ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ እናቷ ጋ፣ አባቷ ሲሞት አያቷ ጋ፣ አያቷ ሲደክሙ ገራዶ አጎቷ ጋ፣ የአጎቷ ቤት ሲጠብ ደሴ እትዬ ፋጡማ ጋ። ሁልጊዜም «ለትንሽ ጊዜ ነው» ተብላ። አዲስ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታጠናው የባለቤቲቱን አረማመድ ነው፤ የተቆጣችበትንና ያልተቆጣችበትን ቀን ከኮቴዋ ትለያለች። ሳይነግሯት ዕቃ ታጥባለች። «ጨምሪ» ካልተባለች አትጨምርም፤ ብትባልም «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ከሰው ምንም አትጠይቅም፤ ያልጠየቀ ሰው እንቢ አይባልምና።

እናቷን ግን ትወዳታለች። ባትወዳት ኖሮ አራት ሰዓት ሙሉ ቆማ አትጠብቃትም ነበር። የሞተ ሰው እመጣለሁ ብሎ አይምልም፤ የሞተ ሰው ቀረ ብሎ ደግሞ ማንም አይታዘበውም። ያን ዕለት ጠዋት በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት «እናቴ ረሳችኝ» ከማለት «ሞተች» ማለት ቀለላት።

ክፍሉ ሲወጣ ኩኩ ክንዷን ያዘቻት። ኩኩ የዴስክ ጓደኛዋ ናት፤ የኩኩ እናት የእውነት የሞተችው ስድስተኛ ክፍል እያሉ ነው። ለዚህም ነው ለእሁዱ ነገር ከሁሉ በላይ የምትሯሯጠው እሷ የሆነችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳታወሪ» አለች ኩኩ። «እኔ እማዬ ከሞተች በኋላ አንድ ወር ሙሉ ስልኳ ላይ እደውል ነበር። ዝግ መሆኑን እያወቅኩ። አንቺም መደወል ካማረሽ ደውይ፤ እብድ ሆንኩ ብለሽ እንዳትፈሪ።»

ጣይባ «እሺ» አለች። ሌላ ምን ትላለች? ጓደኛዋ ቁስሏን ገልጣ ስታሳያት እሷ የውሸት ፋሻ ጠቅልላ ቆማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ቤት ስትደርስ እትዬ ፋጡማ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የነገ ሳምቡሳቸውን ያጥፋሉ። ጣይባ እጇን ታጥባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ምስሩን በየሊጡ መሐል ታደርግላቸው ጀመር። ያሰበችው ቀላል ነበር፦ እናቷ ጋ ደውላ «እሁድ ፈተና አለብኝ፣ አትምጪ» ልትላት።

«ስልክዎን አንዴ ልጠቀም እትዬ?»

«ለእናትሽ ከሆነ ዝግ ነው። ማክሰኞም ሞከርኩ፣ ትናንትም ሞከርኩ፣ ዝግ ነው» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ኸይር ያድርገው ብቻ።»

ጣይባ ሦስት ጊዜ ደወለች። ሦስቱንም ጊዜ ያቺ ቀዝቃዛ ድምፅ ያላት ሴት ስልኩ ዝግ መሆኑን ነገረቻት። ኩኩ የነገረቻት ትዝ ሲላት ስልኩን ቶሎ መለሰችላቸው።

«እትዬ፣ ሟርት እውነት ነው እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰው ክፉ ነገር ከተናገረ፣ ይደርሳል?»

እትዬ ፋጡማ እጃቸው ላይ ያለውን ሊጥ እያዩ አሰቡ። «ክፉ አትናገሪ ነው የሚባለው። አሚን የሚል መላይካ አይጠፋም። ምን ተናገርሽ ደግሞ?»

«ምንም» አለች ጣይባ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለደብተር የተሰጣትን ብር ይዛ፣ ለእትዬ ፋጡማ «ላጠና ነው» ብላ ወጣች። አሁን እናቷን አትምጪ ልትላት አይደለም የምትሄደው። በሕይወት መኖሯን ልታይ ነው። ረዳቱ «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው» እያለ ሲጠራ ዘላ ገባች። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዞ ሲወርድ አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ በየመታጠፊያው ቢስሚላህ ይላሉ። እሷም በልቧ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች። ያ አላህ፣ አትምጣ። ግድ የለም፣ መቼም አትምጣ። ብቻ ትኑር።

ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችው። የእናቷን ቤት አታውቀውም፤ ሙና አንድም ቀን ወስዳት አታውቅም። የምታውቀው «በርበሬ ወንዝ፣ ከሸረፈዲን ወፍጮ ቤት ጀርባ» የሚለውን ብቻ ነው። ወፍጮ ቤቱን ሁለት ሰው ጠይቃ አገኘችው። ከጀርባው በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለ፤ በግቢው ውስጥ ስድስት በር ተደርድሯል። አንዱ በር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ልብስ ታጥባለች።

«ሙና የምትባል…» ብላ ጣይባ አቆመች። ጥያቄውን ለመጨረስ ፈራች።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻትና እጇን ከአረፋው አወጣች። «ጣይባ አይደለሽ? ቁርጥ ሙና። እኔ ውዱ ነኝ፣ አብሬያት ነው የምኖረው። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ እንዲህ የሆነው?»

«እናቴ አለች?»

«ሥራ ገብታለች እንጂ የት ትሄዳለች። ስምንት ሰዓት ትወጣለች።»

ጣይባ ደፉ ላይ ተቀመጠች። አለቅሳለሁ ብላ አላሰበችም ነበር፣ ግን እንባው ዝም ብሎ ወረደ። ውዱ ግራ ገብቷት «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች እርጥብ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

ከዚያ ውስጥ አስገባቻት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ፍራሽ ዘርግተውባት መራመጃ የላትም። አምስት ሴቶች ይኖሩባታል፤ የቀን ፈረቃዎቹ ሲነሡ የሌሊቶቹ ገብተው ይተኛሉ። አሁንም አንዷ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ተኝታለች። የሙና ዕቃ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ አንድ ከረጢት ነው። ጣይባ እናቷ ለምን አንድም ቀን እንዳላመጣቻት ገባት። ገባት ማለት ግን ቂሟ ለቀቃት ማለት አይደለም። በሕይወት አለች፤ ካለች ደግሞ ሐሙስ ለት የት ነበረች? ፍርሃቱ ሲወጣ ንዴቱ ተመልሶ ቦታውን ያዘ።

ሙና ስምንት ተኩል ላይ መጣች። ፀጉሯ ላይ የክር ብጥቅጣቂ ተሰካክቷል። ልጇን በሩ ላይ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ፋጡማ ምን ሆነች?»

«ደህና ናቸው። ስልክሽ ዝግ ሲሆን ጊዜ ነው የመጣሁት።»

«ማክሰኞ መንገድ ላይ ነጠቁኝ» አለች ሙና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እየተነፈሰች። «በሰው ስልክ እንዳልደውል የፋጡማን ቁጥር በቃሌ አልያዝኩትም። ብቻ እንኳን መጣሽ፤ ነገ እኮ ኦቨር ታይም ጥለውብናል፣ የቀረ ተባሯል ነው የተባለው።»

«ስለዚህ ነገ አትመጪም።»

«የሚቀጥለው እሁድ ኢንሻአላህ፣ ወላሂ…»

«አትማይ» አለች ጣይባ።

በቃ፣ ያሰበችው ሁሉ ሆነላት። እናቷ በሕይወት አለች። ነገ አትመጣም። ለቅሶ ደራሾቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ማንም ምንም አያውቅም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ከቆመችበት ቀን በባሰ ሁኔታ ከፋት። ሳትጠራት እንኳ ቀርታባታለች። «ልሂድ፣ እትዬ ፋጡማ ይቆጣሉ» ብላ ተነሣች።

ሙና እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት። ሚኒባስ እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆሙ። ሙና የልጇን ሹራብ ከወገቧ ፈታ «ደሴ ይበርድሻል» ብላ ልታለብሳት ስትል፣ ጣይባ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ከዚያ ተናገረችው።

«ትምህርት ቤት ሞታለች ብያቸዋለሁ።»

«ማን?»

«አንቺ። ነገ ለቅሶ ሊደርሱኝ ይመጣሉ። ክፍሉ በሙሉ።»

ትልቅ መኪና አልፎ አቧራው እስኪረግፍ ድረስ ሙና ሹራቡን ይዛ ቆመች። ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጣይባ ጥፊም ቢሆን ጠብቃ ነበር።

«ስንት ቀን ሆነኝ?» አለች ሙና።

«አሥራ ስድስት።»

«እንግዲያው አርባዬ ገና ነው» አለችና ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አፏ እንቢ አላት። እንባዋን በሹራቡ ጠረገች። «ሐሙስ ለት ነው አይደል የሞትኩት?»

«አራት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅኩሽ።»

«ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ሱፐርቫይዘሯ ‹ከሄድሽ አትመለሺ› አለችኝ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ልውጣ አልውጣ ስል ቆየሁ። ፈራሁ ጣይብዬ። ይቺን ካጣሁ ምን አበላሻለሁ?»

«ለምን አልመጣም ብለሽ አልደወልሽም?»

«ያቅተኛል» አለች ሙና። «ድምፅሽን ስሰማ አልመጣም ማለት ያቅተኛል። እመጣለሁ ስልሽ እኮ፣ በዚያች ሰዓት የመጣሁ ይመስለኛል። ደስ ይለኛል። ስልኩን ስዘጋው ነው የማፍረው።»

«እኔ ግን እጠብቃለሁ» አለች ጣይባ። «እመጣለሁ ስትይኝ እጠብቃለሁ። ከቀረሽ በኋላም እጠብቃለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር እነሣለሁ። አልመጣም ብትይኝ አለቅስና ይወጣልኛል። እመጣለሁ አትበይኝ እማ። ካልመጣሽ አልመጣም በይኝ።»

ሙና ልጇን ቀና ብላ አየቻት።

«ነገ አልመጣም» አለች።

ቃሉ እንደ ድንጋይ ከባድ ነበር፤ ግን እናቷ እንዲህ ብላት አታውቅም። ጣይባ አለቀሰች። ሙና ተነሥታ አቀፈቻት፤ በዚህ ጊዜ አልሸሸችም። እናቷ የማሽን ዘይት ትሸታለች።

«ስሚኝ» አለች ሙና ጆሮዋ ሥር። «ነገ ሲመጡ ዝም በያቸው። ሞታለች ካልሽ ሞቻለሁ፤ አልቀየምሽም። እኔ እንደሁ በዚያ በር ገብቼ አላውቅ፣ ማን ያውቀኛል? ከእንግዲህም ትምህርት ቤትሽ ድርሽ አልልም። ከሚስቁብሽ እኔ ለእነሱ ሞቼ ልቅር። አፉ በይኝ ብቻ።»

ሚኒባሱ መጣ። ጣይባ ገባች። በመስኮቱ ስታይ እናቷ እጇን አላውለበለበችም፤ ዝም ብላ ቆማለች። እንደ ሌላው ጊዜ «የሚቀጥለው እሁድ» የሚል ነገርም አልጮኸችላትም።

እሁድ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። እትዬ ፋጡማ ሳምቡሳቸውን ይዘው መናኸሪያ ወርደዋል፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይመለሱም። ጣይባ ምንም አልነገረቻቸውም። ሰሌኑን አንጥፋ፣ ከጎረቤት ያመጣችውን አግዳሚ ወንበር ግድግዳውን አስጠግታ ጠበቀች። ከሃያ የሚበልጡ ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ተጨናንቀው ተቀመጡ። የተረፉት ደጅ ቆሙ። መምህር ደምመላሽ ኮፍያቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኩኩ ጥቁር ለብሳ መጥታ ከጣይባ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለችና እጇን ያዘቻት።

«ነፍስ ይ… አላህ ይዘንላት» አለ ሰማኸኝ። የእስላም ልጆቹን ጠይቆ አጥንቶ ነበር የመጣው፤ ሆኖም አፉ አመለጠው። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።» ሌሎቹም ተራ በተራ አሏት። ጣይባ ለእያንዳንዱ «አሚን» ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ሐዘን ያፈናት መስሏቸው ማንም አልታዘባትም።

ሁሉም ብለው ሲጨርሱ ተራው የመምህር ደምመላሽ ሆነ። «በለቅሶ ቤት ሟች ይነሣል» አሉ። «እኛ እናትሽን ለማየት አልታደልንም። እስቲ ስለ እሷ ንገሪን። ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። መንገዱ ክፍት ነው። ደግ ነበረች ብትል ያልቃል። ጥቂት ያለቅሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ነገ ሰኞ ነው። እናቷም ፈቅዳላታለች። ለምንጊዜውም ፈቅዳላታለች፤ ከባዱም ነገር ይኸው ነው።

«እናቴ የሱሪ ኪስ ትሰፋለች» አለች ጣይባ። «ኮምቦልቻ። አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይኖራሉ። ፍራሹ ላይ በተራ ነው የሚተኙት።» የኩኩን እጅ ጠበቅ አደረገች። «አልመጣም ማለት አትችልም ነበር። ትናንት ግን አለችኝ። ዛሬ ኦቨር ታይም ገብታለች።»

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። መምህሩ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«አልሞተችም» አለች። «ውሸቴን ነው።»

የኩኩ እጅ ከእጇ ውስጥ ወጣ። ደጅ ከቆሙት አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። «አቦ አትቀልጂ» አለ ሰማኸኝ፣ ፊቷን አይቶ እንደማትቀልድ ሲያውቅ ግን ዓይኑን ሰበረ።

«ለምን?» አሉ መምህር ደምመላሽ። ቁጣ ይሁን ሐዘን ድምፃቸው አይለይም።

«ያን ሐሙስ እመጣለሁ ብላ ቀረች። ሲጠይቁኝ ከአፌ ወጣ። ከዚያ መመለስ አቃተኝ።»

መምህሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩና ተነሡ። «ነገ ጠዋት ወላጅሽን ይዘሽ…» ብለው ከለመዱት አረፍተ ነገር መሐል ቆሙ።

«እጠይቃታለሁ መምህር» አለች ጣይባ። «ላትመጣ ትችላለች። ካልመጣች እትዬ ፋጡማን እለምናለሁ።»

አንድ በአንድ ወጡ። የሚያናግራት አልነበረም። ሰማኸኝ ስኳሩን እያየ ይውሰደው ይተወው ግራ ገብቶት «ስኳሩስ መምህር?» ቢል፣ «ተወው፣ ለቤቱ ነው የመጣው» ብለው መምህሩ ትከሻውን ገፋ አድርገው ይዘውት ሄዱ። ደጅ ሳቅና ጉርምርምታ ተቀላቅሎ ተሰማ። ነገ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ጣይባ ፊቷ እየጋለ ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

ኩኩ አልወጣችም ነበር። በሩ ላይ ቆማ አንድ እግሯን ጫማዋ ውስጥ አድርጋለች።

«ስለ ስልኩ ነግሬሽ ነበር» አለች። «ለአባቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ለእማዬ የማለቅሰውን ነው ላንቺ ያለቀስኩት።»

ጣይባ አንገቷን ደፋች።

«ዛሬ ትመጣለች?» አለች ኩኩ።

«አትመጣም።»

«ታዲያ ለምን ተናገርሽ? ማንም አያውቅም ነበር እኮ። ዝም ብትይ ያልቅ ነበር።»

«አንድ ቀን ከመጣች ብዬ ነው» አለች ጣይባ። «በትምህርት ቤቱ በር እንድትገባ። ከሞተች በየት በኩል ትገባለች?»

ኩኩ ጥቁር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። እያለቀሰች ይሁን እየተናደደች አይታወቅም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛ ጫማዋን አጠለቀች።

«ነገ አጠገቤ እንዳትቀመጪ» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣይባ «እሺ» ትልና ነገሩን እዚያው ትቆርጠው ነበር። ሰው ሳይተዋት ቀድማ መተውን ታውቅበታለች። አሁን ግን ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች።

«ማክሰኞስ?» አለች።

ኩኩ ደረጃው ላይ ቆመች።

«እንጃ» አለች። «የማክሰኞውን አላውቅም።»

«እሺ» አለች ጣይባ። «ማክሰኞ ድጋሚ እጠይቅሻለሁ።»